እሾህና አበባ ከአንድ ዓይን

የቡጋንቪላን አንድ ቅርንጫፍ ያዙና ቅጠሉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን ብብት ቀረብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከቅጠሉ በላይ፣ እዚያችው ጥግ ላይ፣ አንድ ነገር ወጥቷል። እሾህ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሦስት አንጓ ወደ ጫፉ ወጣ ስትሉ ግን፣ ታች እሾህ በነበረበት ቦታ ልክ የአበባ ዘለላ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ የቀረ አለ፤ ጫፉ ሹል ሆኖ ጎኑ ላይ አንዲት አበባ የያዘ እሾህ።

ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ ዓይን፣ ማለትም ቡቃያ ከሚነሳባት ከአንዲት ትንሽ እብጠት ነው። ዓይኗ እሾህ ትሁን አበባ የሚወስነው በተክሉ ውስጥ ያለው የዕድገት ሆርሞን ሚዛን ነው። ጂበረሊን የሚባለው ሲበዛ ወደ እሾህ፣ ሳይቶካይኒን ሲበረታ ወደ አበባ ታዘነብላለች። አትክልተኛው ሆርሞኑን በእጁ አይለካም፤ ሚዛኑን የሚነካባቸው ነገሮች ግን በእጁ ናቸው። ጥላ፣ የማያቋርጥ ውሃና ብዙ ናይትሮጅን ለምለም ዘንግና እሾህ ያወጣሉ። ጠንካራ ፀሐይና ደረቅ ያለ ሥር አበባ ያወጣሉ።

«ቡጋንቪላዬ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ» የሚለው ቅሬታ በየግቢው ይሰማል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ የበዛ እንክብካቤ ነው። በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ፣ በየወሩ ፍግ የሚደረግለት፣ ከበረንዳ ሥር የቆመ ቡጋንቪላ ማደጉንማ ያድጋል። በአንድ ክረምት ሁለት ሦስት ሜትር ዘንግ ይወረውራል፣ በየብብቱም እሾህ ይሰካል። ባለቤቱ ደግሞ አበባ ባለማየቱ ውሃውን ይጨምርለታል።

አበባ የምንለውም ነገር በትክክል ሲታይ አበባ አይደለም። ያ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ነጭ ነገር ቅጠል ነው፤ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ሲዳስሱት የሚንኮሻኮሽ፣ ጅማቱ በግልጽ የሚታይ ቅጠል። ሦስት ሦስት ሆነው ፊት ለፊት ይገጥማሉ። በእያንዳንዱ ላይ፣ ከመካከለኛው ጅማት ጋር ተያይዛ፣ አንዲት ቀጭን ቱቦ ትቆማለች። የቱቦዋ አፍ ሲከፈት የምትታየው ነጭ ወይም ቢጫማ ትንሽ ኮከብ፣ እውነተኛዋ አበባ እሷ ናት። ቡጋንቪላ ሳምንታት ሙሉ ያበበ የሚመስለውም በዚህ ነው፤ ትንሿ አበባ ጊዜዋን ጨርሳ ብትጠወልግም ቀለማሙ ቅጠል ገና አለ። ቀለሙ ራሱ የቀይ ሥር ዘመድ ነው። ቀይ ሥር ሲላጥ እጅን የሚያቀላው ቤታሌይን የተባለው የቀለም ቤተሰብ ነው፤ ቡጋንቪላንም የሚያቀላው እሱ ነው። ጽጌረዳን የሚያቀላው ሌላ ነው።

የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ብራዚል፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያ፣ ሰሜን አርጀንቲና። ለአውሮፓ ሳይንስ የተመዘገበው ፊሊቤር ኮሜርሰን የተባለው ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1767 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ላይ ሰብስቦት ነው። ኮሜርሰን የተጓዘው ዓለምን ለመዞር በተነሳው በሉዊ አንቷን ደ ቡጋንቪል የባሕር ጉዞ ውስጥ ነበር፤ ተክሉም የአዛዡን ስም ወሰደ። የኮሜርሰን ረዳት ዣን ባሬ አብራው ነበረች። ሴት በመርከቡ ላይ መሳፈር ስለማይፈቀድላት ወንድ መስላ የተጓዘች ናት፤ ዓለምን በመዞር የመጀመሪያዋ ሴት ተብላ የምትታወቀውም እሷ ናት። የተክሉ ስም በመጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1789 ነው። በእኛ አገር ቡጋንቪላ፣ ቦገንቪሊያ፣ ቡገንቢላ እየተባለ በየአፉ ይጠራል፤ ሁሉም ያስኬዳል።

መለየቱ ላይ ግን ረጋ ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የትኛው ዓይነት በእጃችሁ እንዳለ ካላወቃችሁ መቼ እንደሚያብብ፣ ምን ያህል እንደሚያድግና ብርድ ይችል እንደሆነ አታውቁም። በየግቢው የሚታየው ሁሉ ከሦስት ዝርያዎችና እነሱ እርስ በርስ ተዳቅለው ከወለዷቸው የመጣ ነው። ቀለምን ለጊዜው እርሱት። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ዘለላ፣ አንድ የበሰለ ቅጠል፣ አንድ እሾህና የስልካችሁ ካሜራ ነው።

መጀመሪያ ቅጠሉን በጣት ደባብሱት። ለስላሳና ጠጉር አልባ ከሆነ፣ ጫፉም እየሾለ የሚሄድ ሞላላ ከሆነ፣ ግላብራ የተባለውን ጠርጥሩ። «ግላብራ» ራሱ በላቲን መላጣ፣ ጠጉር የሌለው ማለት ነው። እሾሁ አጭርና ቀጭን ሆኖ ጫፉ ጎበጥ ይላል። ቀለማሙ ቅጠል ጫፉ የሾለ ሦስት ማዕዘን ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ሐምራዊ ነው፣ ነጭም አለ። ማረጋገጫው ቱቦዋ ናት። በጣታችሁ መካከል ስታሽከረክሯት አምስት ጠርዝ እንዳላት ትሰማችኋለች፤ ወደ ታችኛው ክፍሏም ጎላ ትላለች። ግላብራ በዓመት ደጋግሞ የሚያብብ፣ ጠባዩ ቀና የሆነ ተክል ነው። ለጀማሪ፣ ለሸክላ ማሰሮና ለደጋ ግቢ የምመርጠው እሱን ነው።

ቅጠሉ ሰፋ ብሎ ከበታቹ እንደ ከፋይ ጠጉራም ከሆነ፣ ጠርዙም የሚሞገድ ከሆነ፣ ስፔክታቢሊስ ነው። እሾሁ ትልቅና እንደ መንጠቆ የታጠፈ ነው፤ ቅርፊቱም ሲያረጅ እንደ ቡሽ ይሻክራል። ቱቦዋ በረዣዥም ጠጉር የተሸፈነች ናት፤ በካሜራ አቅርባችሁ ስታዩዋት ትለያለች። ይህ ዝርያ ጉልበተኛ ነው። ጣራ ይሸፍናል፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። የሚያብበው ግን በወቅት ነው፤ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ካለፈበት በኋላ በአንድ ጊዜ ፈንድቶ ያብብና ከዚያ ለረጅም ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ሰፊ አጥር ላለው ጥሩ ነው። ለአንድ ክፍል በረንዳ ግን ያስቸግራል።

ሦስተኛው ፔሩቪያና ነው። ቅጠሉ ስስ፣ ቅርፊቱ አረንጓዴነት ያለው፣ እሾሁ ቀጥ ያለ ነው። ቀለማሙ ቅጠል ትንሽ፣ ክብ ቢጤና የተሸበሸበ ሲሆን፣ ቱቦዋ ለስላሳና ቀጭን ናት። እሱን ንጹሑን ማግኘት ብርቅ ነው፤ ልጁን ግን በየቦታው ታገኙታላችሁ። ግላብራና ፔሩቪያና ተዳቅለው የወለዱት ቡቲያና ይባላል። ሚስስ በት የተባለች ሴት ኮሎምቢያ ውስጥ ካርታኼና ከተማ በአንድ አትክልት ቦታ አግኝታው እ.ኤ.አ. በ1910 ወደ ትሪኒዳድ ወሰደችው፤ ስሙ ከእሷ ነው። ቅጠሉ ሰፊና የልብ ቅርጽ ወዳለው ያደላል። እሾሁ ቀጥ ያለ ነው። ቀለማሙ ቅጠል ክብ፣ ጭምድድ ያለና በትልልቅ እቅፍ የተሰባሰበ ነው። ደማቅ ቀዩ፣ ብርቱካናማውና ወርቃማው አብዛኛው የዚህ ወገን ነው። ከግላብራ ይልቅ ብርድ ይፈራል።

ቀለምን እርሱት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብርቱካናማው ሲያረጅ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ በአንድ ሳምንት ልዩነት ያየው ሰው ሌላ ተክል ይመስለዋል። በአንድ ተክል ላይ ነጭና ሐምራዊ የሚያወጣም አለ፤ አንዳንዱ ዘለላ ራሱ ግማሽ በግማሽ ነው። አንድ ቅርንጫፍ በድንገት ቀለሙን ቀይሮ ሊወጣም ይችላል፤ ብዙዎቹ ገበያ ላይ ያሉ ዓይነቶች የተገኙት እንዲህ ካለው ቅርንጫፍ ተቆርጠው ነው። ቅጠሉ ነጭ ጠርዝ ያለው ዓይነት ካላችሁ፣ ሙሉ አረንጓዴ ዘንግ ያወጣ ቀን ከሥሩ ቁረጡት። አረንጓዴው ይበልጥ ብርቱ ስለሆነ ከተተወ ሌላውን ይውጠዋል። ድርብርብ አበባ ያላቸውን ዓይነቶች ደግሞ ለየት የሚያደርጋቸው ቱቦዋ ራሷ ወደ ቀለማም ቅጠል መለወጧ ነው። ያምራሉ፤ ነገር ግን ሲደርቁ አይረግፉም፣ ቡናማ ሆነው ተንጠልጥለው ይቀራሉ። በእጅ ካልለቀማችኋቸው በሽታ ያገኘው ያስመስሉታል።

አበባ በሌለበት ወቅት ቡጋንቪላን ከሌላ ቁጥቋጦ መለየትም ቀላል ነው። አጋም እሾኻም ነው፤ ቅጠሎቹ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ይወጣሉ፣ ሲቆረጥም ነጭ ወተት ይፈሰዋል። ቡጋንቪላ ቅጠሉ እየተፈራረቀ ግራና ቀኝ ይወጣል፣ ወተት የለውም፣ እሾሁም ሁልጊዜ ከቅጠሉ ብብት ነው። ለገና የሚሸጠው ቀይ ቅጠሉ የፖይንሴቲያ ተክልም ቀለሙ ልክ እንደ ቡጋንቪላ ከቅጠል የመጣ ነው፤ እሱም ግን ወተት አለው፣ እሾህ ደግሞ የለውም።

አሁን ወደ ቦታው። ቡጋንቪላ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል፤ ይህ ድርድር የለውም። ከ4 ሰዓት በታች ከሆነ ሌላ ተክል ምረጡ። ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱና ባሕር ዳር በቀላሉ ይሆናል። አዲስ አበባም ይሆናል፤ አስመራ በዚያው ከፍታ ላይ ሆና በቡጋንቪላ የታወቀች ከተማ ናት። ደጋው ላይ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፣ የቦታው ምርጫም ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው የድንጋይ ወይም የብሎኬት ግንብ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ይመልስለታል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ በሚጥልበት አገር ለጋው ጫፍ ይጠቁራል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ማታ ማታ በጆንያ መሸፈን ወይም በማሰሮ አድርጎ ማስገባት ግድ ነው። ውርጭ ያጠቆረውን ቅርንጫፍ ወዲያው አትቁረጡ። ብርዱ እስኪያልፍ ጠብቁ፤ የሞተው እስከ የት እንደሆነ የሚታወቀው አዲስ ቡቃያ ሲወጣ ነው።

አፈሩ ከብርዱ የበለጠ ቡጋንቪላ ይገድላል። ሥሩ አየር ይፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቦታ አፈሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይሆናል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥር ይበጥሳል። በዋልካ ላይ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ በለስላሳ አፈር መሙላት ጥሩ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ገንዳ ነው። በዙሪያው ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ለስላሳው ጉድጓድ ይወርድና መውጫ ያጣል፤ ተክሉ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ ሥሩን ስታወጡት ጠቁሮ ይሸታል። በዋልካ ላይ መቆፈር ሳይሆን መከመር ነው የሚሻለው። ከ40 እስከ 50 ሳ.ሜ. ከፍታና አንድ ሜትር ስፋት ያለው ቁልል ሠርታችሁ በላዩ ትከሉ። ቀይ አፈር ላይ 50 ሳ.ሜ. በ50 ሳ.ሜ. ጉድጓድ ይበቃል። ለቁልሉም ለማሰሮውም የሚሆን ድብልቅ፦ 2 እጅ የአትክልት አፈር፣ 1 እጅ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ ደቃቅ ቀይ አሽ ወይም ሸካራ የወንዝ አሸዋ። ቀይ አሽ ለመንገድና ለመሠረት መሙያ በየቦታው ይሸጣል፤ ውሃ ያሳልፋል፣ አይበሰብስም፣ ርካሽም ነው። አዲስ ከተገነባ ግንብ ቢያንስ 50 ሳ.ሜ. ራቁ። የሲሚንቶ ፍርስራሽ ያለበት አፈር ኖራማ ስለሚሆን ተክሉ ብረት መሳብ ያቅተዋል፤ ምልክቱም ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሀሉ ቢጫ የሆነ አዲስ ቅጠል ነው። ቡጋንቪላ ትንሽ ወደ አሲድ ያደላ አፈር ይወዳል፤ በአሲድነት መለኪያው፣ በፒኤች፣ ከ5.5 እስከ 6.5።

ማባዛቱ በቁራጭ ነው። በግቢ ውስጥ ያሉት ዓይነቶች ዘር እምብዛም አይዙም፤ ቢይዙም የሚበቅለው እናቱን አይመስልም። ደጋ ላይ ለቁራጭ ጥሩው ጊዜ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፣ አፈሩ የሚሞቅበት ወቅት። አብቦ የጨረሰ፣ አረንጓዴነቱ ወደ ቡናማ የተለወጠ፣ የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ምረጡ። ለጋው ይበሰብሳል፣ ያረጀው ደግሞ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳ.ሜ.፣ አንጓው ከ4 ያላነሰ ይሁን። የታችኛውን ጫፍ ከአንጓ ሥር አግድም፣ የላይኛውን ከአንጓ በላይ አንድ ሳ.ሜ. ያህል ትታችሁ በሰያፍ ቁረጡ። ይህ ለጌጥ አይደለም፤ ቁራጩ ተገልብጦ እንዳይተከል ምልክት ነው። ተገልብጦ የተተከለ ቁራጭ አይጸድቅም፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ቅጠሉን በሙሉ አራግፉ፣ ወደ አፈር የሚገባውን ክፍል እሾህም አንሱ። ሥር ማውጫ ዱቄት ካገኛችሁ ጫፉን ነክራችሁ ትርፉን አራግፉት። ከሌለም ግላብራና ስፔክታቢሊስ ይወጣሉ፤ ከ10 ቁራጭ ሁሉም እንዲወጣ ግን አትጠብቁ፣ ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ ትከሉ። ድርብርቡና ነጭ ጠርዝ ያለው ዓይነት በጣም ያስቸግራል። ለእነሱ ቅርንጫፉን ሳትቆርጡ ወደ መሬት አጎንብሳችሁ፣ ከበታቹ ትንሽ ልጣችሁ፣ በአፈር ቀብራችሁ ድንጋይ ጫኑበት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ሥር ካወጣ ከእናቱ ለዩት።

ለቁራጩ ግማሽ አሸዋ፣ ግማሽ አፈር ይበቃዋል። ኮምፖስት አታብዙበት፣ ቁስሉን ያበሰብሳል። ሲሶውን ወደ ታች ሰክታችሁ፣ አንድ ጊዜ በደንብ አጠጥታችሁ፣ በላዩ ፌስታል እንደ ድንኳን አልብሳችሁ፣ ብርሃን ያለበት ግን ፀሐይ የማይመታው ቦታ አስቀምጡ። ከዚያ አፈሩን በጣት እየነካችሁ እርጥብ ከሆነ አትጨምሩ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ትንንሽ ቅጠሎች ብቅ ይላሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ጸደቀ» ብሎ ነቅሎ ይተክለዋል፣ በሳምንቱም ይደርቃል። እነዚያ ቅጠሎች ዘንጉ ውስጥ በተጠራቀመ ስንቅ የወጡ ናቸው፤ ሥር ገና የለም። ሥር ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ ደጋ ላይ ይበልጡን ወደ 12ቱ ያደላል። ላይ የወጡት ቅጠሎች እያደጉ ከሄዱ፣ ዘንጉንም በሁለት ጣት ቀስ ብላችሁ ስትነኩት ካልተነቃነቀ፣ ያኔ ሥር ይዟል። ፌስታሉን በአንድ ቀን አትግፈፉት፤ መጀመሪያ ጫፉን ብትበሱት፣ ከሳምንት በኋላ ብትከፍቱት፣ ቅጠሉ ደረቁን አየር ይለምዳል።

በየካቲት የተቆረጠው በሰኔ ሥር ይዞ ይገኛል። ዋልካና ብዙ ዝናብ ባለበት አገር ግን በክረምት አታውጡት፤ ከጣራ ጠርዝ ሥር፣ ዝናብ ከማይመታው ብርሃን ያለበት ቦታ ይክረምና በመስከረም መጨረሻ ይተከል። አሸዋማ አፈርና ጥቂት ዝናብ ባለበት ቆላ ደግሞ የሰኔ ዝናብ ሲጀምር መትከል ይሻላል። ሲተከል አንድ ነገር ብቻ ከፍተኛ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ የቡጋንቪላ ሥር እንደ ክር ቀጭንና በቀላሉ የሚበጠስ ነው። ከችግኝ ጣቢያ የመጣውን ችግኝ አንገቱን ይዞ ከፕላስቲኩ መምዘዝ ሥሩን መግደል ነው። ፕላስቲኩን በምላጭ ታችና ጎኑን ቅደዱ፣ እንዳለ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀምጡት፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ከጎኑ ጎትታችሁ አውጡት። አፈሩ ከተበተነ ተክሉ ወር ሁለት ወር ተኮማትሮ ይቀመጣል፤ አንዳንዱም አይመለስም።

በማሰሮ ለሚያሳድግ ጠበብ ያለ ዕቃ ይሻላል። ሥሩ ዕቃውን ሲሞላ ማበብ ይቀለዋል፤ ትልቅ በርሜል ውስጥ የተተከለ ትንሽ ችግኝ ግን ያልጠጣው ውሃ ሥሩ ላይ ይቆምበታል። ከ25 እስከ 30 ሳ.ሜ. አፍ ያለው ማሰሮ ለሁለት ሦስት ዓመት ይበቃል፤ ስታሳድጉት በ5 ሳ.ሜ. ብቻ አሳድጉ። የተቆረጠ ጀሪካንም ይሆናል፤ ከታቹ የጣት ውፍረት ያላቸው 5 ቀዳዳዎች ይኑሩት፣ ከሥሩም ውሃ የሚይዝ ሳህን አይቀመጥ።

ማዳበሪያው ላይ አጭር ልሁን። ገበያ ላይ በቀላሉ የሚገኘው ዩሪያ ነው፤ ለቡጋንቪላ ግን የእሾህ መኖ ነው። መሬት ላይ ለተተከለ ትልቅ ተክል በዓመት አንድ ጊዜ፣ በሰኔ፣ ሁለት አካፋ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃል። ቀይ አፈር ላይ ከሆነ ሁለት እፍኝ የእንጨት አመድ ብትበትኑበት ፖታሲየም ያገኛል፤ ኖራማ አፈር ላይ ግን አመድ አትጨምሩ፣ ቢጫነቱን ያባብሰዋል። ያልበሰለ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል።

ቡጋንቪላ እንደ ወይን የሚጠመጠም ክንድ የለውም፣ ግንብም ላይ አይለጠፍም። የሚወጣው በእሾሁ እየተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ ግንብ እንዲሸፍን ከፈለጋችሁ ማሰር አለባችሁ። ሽቦ ቅርንጫፉ ሲወፍር ይቆርጠዋል፤ የአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ በቀጭኑ ተቆርጦ ቢታሰር ግን እየተለጠጠ አብሮ ይሰፋል። ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ከማሰር አግድም ማጋደም ይሻላል። ቀጥ ያለው ጫፉ ላይ ብቻ ያብባል፤ የተጋደመው ከየአንጓው ወደ ላይ አጫጭር ቅርንጫፍ ያወጣል፣ እያንዳንዱም ያብባል።

አበባ የሚወጣው በአዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ መግረዝ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዋናው መግረዝ የበጋው አበባ ካለቀ በኋላ፣ በግንቦት ነው። ያበበውን ቅርንጫፍ ሲሶ ያህል አሳጥሩ፣ የሚፋተጉትንና ወደ ውስጥ የሚያድጉትን ከሥራቸው አንሱ። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ የወረወራቸውን ረዣዥም ዘንጎች ጫፍ ጫፋቸውን መቀንጠብ ብቻ። ጫፉ የተቀነጠበ ዘንግ ከየጎኑ ሦስት አራት ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜም ያብባል። ብዙ ሰው ግን ጥቅምትና ኅዳር ላይ አጥሩን በትልቅ መቀስ እንደ ግድግዳ ያስተካክለዋል። ይህ ሊያብብ የተዘጋጀውን ጫፍ ሁሉ መቁረጥ ነው። ስትገርዙ ወፍራም የቆዳ ጓንትና መነጽር አድርጉ። የእሾሁ ስባሪ መገጣጠሚያ አጠገብ ከገባና እብጠቱ ካልወረደ በመርፌ እየቆፈራችሁ አትቆዩ፤ ሐኪም ይየው፣ ውስጥ የቀረ ስባሪ መገጣጠሚያውን ሊያስቆጣው ይችላል።

ተባዩ ብዙ አይደለም። በለጋው ጫፍ ላይ ክሽክሽ፣ በብብቱ ውስጥ ደግሞ ነጭ ጥጥ የመሰለ ነፍሳት ይገኛል። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ ማለዳ፣ የቅጠሉን ታች ጭምር፣ በ5 ቀን ልዩነት ሦስት ጊዜ ርጩ። በክረምት ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ከወጣ እርጥበት ነው መንስኤው፤ የረገፈውን ጠርጋችሁ ጣሉ፣ ውሃ ከላይ አታፍስሱበት፣ ቅርንጫፉንም አሳሱለት። ፀሐይ ሲመለስ ራሱ ያገግማል። በደረቅና በብርድ ወቅት ከፊል ቅጠሉን ቢያረግፍ ደግሞ አትደንግጡ፤ ጠባዩ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በአውሮፓ ቀዝቃዛ አገር የሚያሳድጉ ወገኖች ማሰሮውን የሌሊቱ ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከመውረዱ በፊት ማስገባት አለባቸው። ክረምቱን ቅጠሉን አራግፎ፣ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ጠጥቶ፣ ቀዝቀዝ ያለ ብርሃናማ መስኮት አጠገብ ይተኛል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ጥቁር ፕላስቲክ ማሰሮ በፀሐይ ሲግል ሥሩን ይቀቅለዋል፣ ነጭ ወይም የሸክላ ዕቃ ይሻላል።

የቀረው ውሃው ነው፤ አበባና እሾህ የሚለዩበት። ከምድር ወገብ ራቅ ባሉ አገሮች ቡጋንቪላ የቀኑን ማጠር እያየ ያብባል። እኛ ዘንድ በሰኔና በታኅሣሥ መካከል ያለው የቀን ርዝመት ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ተክሉን ዋናው የሚቀሰቅሰው ድርቀት ነው። በክረምት አረንጓዴ ሆኖ የከረመው በበጋ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። በመስከረም መጨረሻ ከተቀነጠበ በኋላ አዲሱ ቅርንጫፍ አንድ ጣት ያህል ሲረዝም ውሃውን አቁሙ። ማሰሮ ላይ ያለው በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ልምሽሽ ይላል። ያኔ ከለመደው ግማሹን ብቻ ስጡትና እንደገና እስኪለመልም፣ እንደገና እስኪልመሸመሽ ጠብቁ። መሬት ላይ ያለ ትልቅ ተክል ሥሩ ስለሚጠልቅ ሳምንታት ይታገሣል። ይህን ከ3 እስከ 5 ሳምንት ቀጥሉ፤ ቅጠሉ ሲነኩት እስኪሰባበር ድረስ ግን አታድርቁት።

በየማለዳው ጫፍ ላይ ያለውን ብብት እዩ። ዓይኗ የስንዴ ቅንጣት ስታህል ሁለቱ ይለያያሉ። እሾህ የምትሆነው ቀጥ ብላ ትሾልና ጫፏ ቶሎ ይጠነክራል፣ በጥፍር ስትነኳት ትወጋለች። አበባ የምትሆነው ጫፏ ዱልዱም ነው፤ ትንሽ ታጎነብሳለች፣ ስትታይ ሦስት ቅጠል እርስ በርስ የታቀፈባት ናት፣ አረንጓዴዋም ውስጥ ቀይ ወይም ሐምራዊ ጥላ አለ። ይህችን በአብዛኛው ጫፍ ላይ ካያችሁ ማስጠማቱ ይብቃ። ለማሰሮው ከታች እስኪፈስ ከ2 እስከ 3 ሊትር፣ መሬት ላይ ላለው በ2 ሳምንት አንዴ 2 ጀሪካን ውሃ ሥሩ ዙሪያ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱ። ከዚያ በኋላ ከተጠማ እምቡጡን ያረግፋል።